የልጆች የጣት ስብራትና ቀዶ ሕክምናው

የልጅ ጣት ሲሰበር አብዛኛውን ጊዜ ያለ ቢላ ይድናል። አጥንቱን ወደ ቦታው መመለስ፣ ከጎኑ ካለው ጣት ጋር አጣምሮ ማሰርና ሦስት ሳምንት ገደማ መጠበቅ ይበቃዋል። ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልጋቸው ስብራቶች ጥቂት ናቸው፤ እነዚያ ጥቂቶች ግን ቀን አይሰጡም። የልጅ አጥንት ፈጥኖ ይገጥማል፤ በትክክል ከተቀመጠ በትክክል፣ ጠሞ ከተተወም እንደጠመመ ይገጥማል። መያያዝ የሚጀምረው በሳምንት ውስጥ ስለሆነ በመጀመሪያዎቹ ቀናት በቀላሉ የሚቃና ጣት ሁለት ሳምንት ካለፈው በኋላ እንደገና ካልተሰበረ አይቃናም። ስለዚህ የዚህ ሕክምና ትልቁ ሥራ ቀዶ የሚያሻውን ከማያሻው በጊዜ መለየት ነው። መለየቱም የሚጀመረው ከሆስፒታል በፊት በቤት፣ በትምህርት ቤትና በጤና ኬላ ነው።

የሚያድግ ጣት

በአንድ እጅ ውስጥ 27 አጥንቶች አሉ። ስምንቱ የእጅ አንጓ፣ አምስቱ የመዳፍ፣ 14ቱ ደግሞ የጣት አጥንቶች ናቸው። አውራ ጣት ሁለት አጥንት ብቻ ሲኖረው ሌሎቹ አራት ጣቶች የሥር፣ የመካከልና የጫፍ አጥንት አላቸው። በጣት ውስጥ ጡንቻ የለም። ጣትን የሚያጥፉትና የሚዘረጉት ጡንቻዎች በክንድና በመዳፍ ውስጥ ሆነው በረጃጅም ጅማቶች እየጎተቱ ያንቀሳቅሱታል። አጥንቱ ሲሰበር እነዚሁ ጅማቶች ስባሪዎቹን ወደየአቅጣጫው ይስቧቸዋል፤ ቀጥ ብሎ የታሰረ ጣት ከቀናት በኋላ ተመልሶ የሚጠምበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

የልጅን አጥንት ከአዋቂው የሚለየው የዕድገት ልምአጥንቱ ነው። ይህ አጥንት የሚረዝምበት ለስላሳ ሽፋን ሲሆን፣ በጣት አጥንቶች ላይ የሚገኘው በሥራቸው በኩል፣ ማለትም ወደ መዳፍ በሚያዩበት ጫፍ ነው። በራጅ ላይ እንደ ጥቁር መስመር ስለሚታይ ያልለመደ ዓይን ስብራት ሊመስለው ይችላል፤ እውነተኛው ስብራት በመስመሩ ውስጥ ሲያልፍ ደግሞ ሳይታይ ሊያመልጥ ይችላል። በልጃገረዶች በ15፣ በወንዶች በ17 ዓመት ገደማ ልምአጥንቱ ወደ አጥንት ተለውጦ ይዘጋል፤ ከዚያ ወዲህ ጣት አይረዝምም።

በዚህ ልምአጥንት ላይ የሚደርሱ ስብራቶችን በቶሮንቶ የነበሩት የካናዳ ሐኪሞች ሮበርት ሳልተርና ሮበርት ሃሪስ እ.ኤ.አ. በ1963 በአምስት ዓይነት መድበው ጽፈዋል፤ ዓለም እስከ ዛሬ በዚሁ ይሠራል። በጣት ላይ በብዛት የሚታየው ሁለተኛው ዓይነት ነው። ስብራቱ በልምአጥንቱ ውስጥ ያልፍና ከአጥንቱ ግንድ ትንሽ ጥግ ገንጥሎ ይወጣል። ልምአጥንቱን አቋርጦ እስከ መገጣጠሚያው ገጽ የሚዘልቀው ሦስተኛውና አራተኛው ዓይነት ቢያንስም ወደ ቀዶ ክፍል የመሄድ ዕድሉ የበዛ ነው።

ዕድገት ራሱ ሐኪም ነው። ለልምአጥንቱ የቀረበ፣ ጣቱ በሚታጠፍበትና በሚዘረጋበት አቅጣጫ የተጎበጠ ስብራት ልጁ ባደገ ቁጥር እየተቃና ይሄዳል። ልጁ ትንሽ ከሆነ ለመቃናት የሚተርፈው ዘመን ብዙ ነው፤ ከ10 ዓመት በታች በሆነ ልጅ ላይ በዚህ አቅጣጫ 20 ዲግሪ ያህል መጉበጥ ሳይነካ ሊተው ይችላል። ወደ ጎን የተጣመመ ግን የሚቃናው በከፊል ነው። በራሱ ዙሪያ የዞረ ስብራት ደግሞ በዕድገት አይመለስም። ከልምአጥንቱ የራቀ፣ ከአጥንቱ ራስ አጠገብ በአንገቱ ላይ የደረሰ ስብራትም ብዙ ተስፋ የለውም። ቀዶ ሐኪሙ ቢላ አንሣ ወይም ተው የሚለውን የሚወስነው በአብዛኛው ከእነዚህ ሕጎች ተነሥቶ ነው።

ስብራቱ የሚመጣበት መንገድ

ለምሳሌ ብቸናንና ሞጣን እንውሰድ። ብቸና የእነማይ ወረዳ፣ ሞጣ የሁለት እጁ እነሴ ወረዳ ከተሞች ናቸው። ሁለቱም ከደጀን ተነሥቶ በደብረ ወርቅና በአዴት በኩል ባሕር ዳር በሚያደርሰው መንገድ ላይ የሚገኙ የጤፍ አገር ደጋዎች ናቸው። በእንዲህ ዓይነት አገር የልጅ እጅ ገና በጠዋቱ ሥራ ይለምዳል፤ ጣት የሚሰበርበትም መንገድ ከሥራውና ከጨዋታው ጋር አብሮ ይለዋወጣል።

ገና በእግራቸው የቆሙ ሕፃናት በብዛት የሚጎዱት በበር ነው። የቆርቆሮ በር በነፋስ ተገፍቶ ሲዘጋ ወይም ትልቅ ልጅ ሳያይ ሲገፋው በማጠፊያው በኩል የገባች ጣት ትደቅቃለች። ጉዳቱ የሚያርፈው በጣት ጫፍ፣ በጥፍሩና ከጥፍሩ ሥር ባለው ሥጋ ላይ ነው። ከፍ ያሉት፣ በተለይ ከ10 ዓመት በኋላ፣ በጨዋታ ይሰበራሉ። በኳስ ጨዋታ በረኛው ኳሷን ለመያዝ ሲዘረጋ ትንሿ ጣቱ ተሰብራ ወደ ውጭ ትጣመማለች። የገና ሰሞን ሩሯን የሳተ ቆልማማ ዱላ የጓደኛን ጣት ያገኛል። እረኛው ልጅ የሚጎትተው ጥጃ ድንገት ሲፈረጥጥ በጣቱ ላይ የጠመጠመው ገመድ አጥንቱን ሰብሮ ቆዳውን ይገሸልጠዋል። የወፍጮ ቀበቶ፣ የጋሪ ጎማና የባጃጅ በር የሚያደርሱት ጉዳትም የከፋ ነው። ፈረስና አህያም አንዳንዴ ይነክሳሉ፤ ንክሻው አጥንት ሰብሮ በቁስሉ ውስጥ የአፍ ተህዋስያንን ያስገባል።

የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት

ጣቱ እንደተጎዳ ቀለበትና ክር ሳያብጥ መውለቅ አለባቸው፤ ካበጠ በኋላ ቀለበት ደም ያግታል። ቁስል ካለ በብዙ ንጹሕ ውኃ ታጥቦ በንጹሕ ጨርቅ ይሸፈናል። ደም የሚቆመው በጨርቅ ተጭኖ ሲያዝና እጁ ከልብ በላይ ከፍ ሲል ነው። ቡና፣ ቅቤ፣ አፈርና ላምባ በቁስሉ ላይ መደረግ የለባቸውም፤ ቁስሉን ያቆሽሹታል፤ ሐኪሙም አጥንቱን ከማየቱ በፊት እነርሱን ለማጠብ ይቸገራል። በልኩ የተቆረጠ ካርቶን ወይም ለስላሳ ጨርቅ የተጠቀለለበት ስስ እንጨት ጣቱን እስከ ሐኪም ቤት ለመደገፍ ይበቃል። እስሩ መላላት አለበት፤ የጥፍሩ ጫፍ ደግሞ ቀለሙ እንዲታይ ሳይሸፈን ይቀራል።

አምስት ምልክቶች ልጁን በዕለቱ ወደ ሐኪም ቤት ያስኬዱታል። አንደኛው በስብራቱ ላይ ቁስል መኖሩ ነው፤ አጥንቱ ባይታይ እንኳ ክፍት ስብራት ይባላል። ሁለተኛው ከጥፍር ሥር ደም መፍሰሱ ወይም ጥፍሩ ከሥሩ ተነቅሎ በቆዳው ላይ መቀመጡ ነው። ሦስተኛው ጣቶቹ ሲታጠፉ አንዱ በሌላው ላይ መውጣቱ ነው። አራተኛው የጣቱ ጫፍ መንጣት፣ መጥቆር ወይም መደንዘዝ ነው። አምስተኛው የእንስሳ ወይም የሰው ንክሻ ነው፤ ነካሹ ውሻ ከሆነ የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያም ይታሰባል። ከእነዚህ አንዱም ባይኖር ያበጠና ሲነካ የሚያም ጣት በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ ራጅ ሊነሣ ይገባል። «ወለምታ ነው» ተብሎ የተተወ ጣት ስብራት ሆኖ የሚገኘው ብዙ ጊዜ ነው።

ወጌሻና ጠባቡ እስር

በገጠርም በከተማም የተሰበረ ልጅ መጀመሪያ የሚወሰደው ወደ ወጌሻ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ወጌሻው ጎረቤት ነው፤ ክፍያው ቀላል ነው፤ ቤተሰቡንም ያውቃል። ስሙ በኳስ ሜዳ እንኳ ተከብሮ ኖሯል፤ የተጎዳን ተጫዋች ለማከም የሚሮጠው የቡድኑ ባለሙያ እስከ ዛሬ ወጌሻ ይባላል። ብዙ ወለምታና ቀላል ስብራት በወጌሻ እጅ ድኗል፤ የልጅ ጣት ስብራትም ብዙው በራሱ የሚድን መሆኑ ለዚህ ዝና አስተዋጽኦ አለው።

አደጋው ያለው በሁለት ቦታ ነው። የመጀመሪያው ጠባብ እስር ነው። በቀርከሃ ወይም በእንጨት ተከቦ ጥብቅ ተደርጎ የታሰረ እጅ ከሥሩ ማበጡን ሲቀጥል ደም መድረስ ያቆማል፤ ሥጋው ይሞታል፤ ጋንግሪን ይባላል። በወጌሻ እስር ምክንያት የሚደርስ ጋንግሪን በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች የልጆች እጅና እግር ከሚቆረጥባቸው ምክንያቶች አንዱ መሆኑን የአገሪቱ ቀዶ ሐኪሞች በጥናት ጽሑፎቻቸው ደጋግመው አሳይተዋል። ሁለተኛው ማሸት ነው። በልምአጥንቱ ላይ የተሰበረ ጣት በቅቤ በታሸ ቁጥር ስባሪው ይንቀሳቀሳል፤ የሚያድገውም ክፍል ይጎዳል። ቁስል ያለበትን፣ የዞረውንና የደነዘዘውን ጣት ሳይነካ ወደ ጤና ጣቢያ የሚልክ፣ ያሰረውንም በማግሥቱ አይቶ የሚያላላ ወጌሻ የልጁን እጅ ያተርፋል። ከታሰረ በኋላ ሕመሙ እየባሰ፣ ጣቶቹ እያበጡና እየቀዘቀዙ ከሄዱ እስሩ ሌሊትም ቢሆን ወዲያው መፈታት አለበት።

ምርመራና ራጅ

ሐኪሙ መጀመሪያ የሚያየው የጣቶቹን አቀማመጥ ነው። ጤነኛ እጅ ሲጨበጥ አራቱ ጣቶች ሳይደራረቡ ወደ አውራ ጣት ሥር ያመለክታሉ። አንዱ ከመስመሩ ወጥቶ በጎረቤቱ ላይ ከተቀመጠ አጥንቱ ዞሯል ማለት ነው፤ ይህን ለማየት ማሽን አያስፈልግም። ሕፃኑ ፈርቶ አልጨብጥም ካለ የእጁን አንጓ ቀስ አድርጎ ወደ ኋላ ማዘንበል ይበቃል፤ ጣቶቹ በጅማቶቻቸው ተስበው በራሳቸው ይታጠፋሉ። ከጤነኛው እጅ ጋር ማነጻጸርም ጥርጣሬን ያጠራል።

የሚያለቅስ ሕፃን «ይሰማሃል?» ተብሎ ቢጠየቅ መልስ አይሰጥም። ቁስል የሌለው ጣት ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ ሲቆይ ቆዳው እንደ ልብስ አጣቢ ጣት ይጨማደዳል፤ ነርቩ የተቆረጠ ጣት ግን ልሙጥ ሆኖ ይቀራል። ይህ ቀላል ዘዴ ማሽን በሌለበት ጤና ጣቢያም ይሠራል።

ራጅ፣ ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ቪልሄልም ሮንትገን እ.ኤ.አ. በ1895 ካገኘው ጀምሮ፣ የስብራት ሕክምና ዓይን ሆኗል። ለጣት ስብራት ግን የመላ እጅ አንድ ፎቶ አይበቃም። የተጎዳው ጣት ለብቻው ከፊትና ከጎን መነሣት አለበት። ከጎን ሲነሣ ሌሎቹ ጣቶች ካልታጠፉ በላዩ ተደርበው ስብራቱን ይሸፍኑታል፤ የመገጣጠሚያ ስብራት በብዛት የሚያመልጠውም በዚህ ነው።

ያለ ቀዶ የሚድኑት

ከቦታው ያልተንቀሳቀሰ ስብራት ከጎረቤት ጣት ጋር በፕላስተር ተጣምሮ ወይም በአሉሚኒየም መደገፊያ ተደግፎ ለሦስት ሳምንት ያህል ይቆያል። በሁለቱ ጣቶች መካከል ላብ ቆዳውን እንዳይበላው ጥጥ ይደረጋል። ለትንሽ ልጅ ጣቱን ብቻ ማሰር አይበቃም፤ ፈትቶ ይጥለዋልና እስከ ክንዱ የሚደርስ ጄሶ ይታሰርለታል። ሲታሰር የጣቶቹ ሥር መገጣጠሚያ ታጥፎ፣ የላይኞቹ መገጣጠሚያዎች ተዘርግተው መቀመጥ አለባቸው፤ በሌላ አኳኋን የታሰረ እጅ ሲፈታ ይደርቃል።

ወደ ውጭ የተጣመመች ትንሽ ጣት ያለ ቢላ ከሚቃኑት ዋናዋ ናት። ጣቷ በመርፌ ከደነዘዘች በኋላ ሥሯ 90 ዲግሪ ይታጠፍና ወደ ቀለበት ጣት ትገፋለች፤ በሁለቱ መካከል እርሳስ ማስገባት ለመግፊያው መደገፊያ ይሆናል። ከተቃናች በኋላ ከቀለበት ጣት ጋር ተጣምራ ትታሰራለች። የተቃና ስብራት ሁሉ ከ5 እስከ 7 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ዳግም ራጅ ይነሣል። ተንሸራቶ ከተገኘ ለማስተካከል ጊዜው ያኔ ነው፤ ከ10 ቀን በኋላ በልምአጥንቱ ላይ ያለን ስብራት በጉልበት ለማቃናት መሞከር የሚያድገውን ክፍል ይገድለዋል።

ቀዶ የሚያስፈልጋቸው

ቀዶ የሚያስፈልጋቸው ስብራቶች በአምስት ቡድን ሊታዩ ይችላሉ።

የመጀመሪያው ክፍት ስብራት ነው። በእርሻ ሜዳና በበረት የተቆሸሸ ቁስል አፈርና ፋንድያ ይዟልና ቁስሉ ተከፍቶ፣ የሞተ ሥጋ ተቆርጦ፣ በብዙ ጨዋማ የሕክምና ውኃ ይታጠባል። ቶሎ የሚሰጠው አንቲባዮቲክ ከማጠቡ ጋር እኩል ዋጋ አለው። ልጁ በ6፣ በ10ና በ14 ሳምንቱ የሚሰጠውን ክትባት መውሰዱ ይጠየቃል፤ ካልወሰደ ወይም ካልታወቀ የመንጋጋ ቆልፍ መከላከያ ይሰጠዋል። የተነከሰና በጣም የቆሸሸ ቁስል በዕለቱ አይሰፋም።

ሁለተኛው በጥፍር ሥር የሚሰበረው የጫፍ አጥንት ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ሲሞር እ.ኤ.አ. በ1966 ስለጻፈበት በስሙ ይጠራል። በበር የተመታች ጣት ጫፏ ወደ ታች ታጥፋ፣ ጥፍሯ ከሥሩ ተነቅሎ በቆዳው ላይ ይታያል። ከላይ ሲያዩት የጅማት መበጠስ ወይም ተራ የጥፍር ጉዳት ይመስላል። እውነቱ ግን በልምአጥንቱ ላይ የደረሰ ክፍት ስብራት ነው፤ የጥፍሩ ሥር ሥጋ በስብራቱ መካከል ስለሚሰነቀርም አጥንቱ ተጎትቶ አይገጥምም። ሳይታወቅ ከታሰረ መግል ይቋጥራል፤ አጥንቱ ይመረቅዛል፤ ጥፍሩ ተበላሽቶ፣ ጣቱም አጥሮ ሊቀር ይችላል። ሕክምናው ጥፍሩን አንሥቶ፣ የተሰነቀረውን ሥጋ አውጥቶ፣ አጥቦ፣ አጥንቱን ማቃናትና ሥጋውን በቀጭን ክር መስፋት ነው፤ ካልጸና በሽቦ ይያዛል። በጊዜ የታከመ ይህ ጉዳት መልካም ይድናል፤ ከልጆች የጣት ስብራት ሁሉ በመዘግየት ይህን ያህል የሚበላሽ ጥቂት ነው።

ሦስተኛው የመገጣጠሚያ ስብራት ነው። የአጥንቱ ራስ ሁለት እንደ ጉልበት የተሞለሞሉ ጉብታዎች አሉት። አንዱ ጉብታ ተሰንጥቆ ወደ ኋላ ከተንሸራተተ መገጣጠሚያው ደረጃ ይሠራል፤ ጣቱ ሲታጠፍ ወደ ጎን ይዞራል። እዚህ ላይ ዕድገት አይረዳም፤ ገጹ ልክ እንደነበረ መመለስ አለበት።

አራተኛው የአንገት ስብራት ነው። ጣቷን በር ይዟት ልጁ ደንግጦ ሲጎትታት የአጥንቷ ራስ ተቆርጦ ወደ ላይ ይገለበጣል። ከፊት በተነሣ ራጅ ምንም ያልሆነ ይመስላል፤ ከጎን ሲታይ ግን የተገለበጠው ራስ ይገኛል። ልምአጥንቱ በሌላኛው ጫፍ ስላለ ብዙ አይቃናም፤ ቶሎ በሽቦ መያዝ ይሻለዋል።

አምስተኛው ተቃንቶ የማይጸና ስብራት ነው። የዞረው፣ በሰያፍ የተሰበረውና ሁለት ሦስት ጣት በአንድ ጊዜ የተሰበረበት እጅ በእስር ብቻ አይረጋም።

ቀዶው እንዴት ይካሄዳል

ልጁ ከመተኛቱ በፊት ሆዱ ባዶ መሆን አለበት። እንጀራና ሌላ ምግብ ለ6 ሰዓት፣ የእናት ጡት ለ4 ሰዓት፣ ንጹሕ ውኃ ለ2 ሰዓት ይቆማል። ትልቅና የተረጋጋ ልጅ በጣቱ ሥር በሚወጋ የማደንዘዣ መርፌ ብቻ ሊሠራለት ይችላል፤ መጠኑ የሚለካው በክብደቱ ነው። ሕፃናት ማስተኛ ያስፈልጋቸዋል። በወረዳ ሆስፒታሎች ለዚህ የተለመደው ኬታሚን ነው፤ ልጁ እየተነፈሰ ሕመም ሳይሰማው ይቆያል፤ የማደንዘዣ ባለሙያው ግን ከአጠገቡ አይለይም። ደም እንዳይሸፍን በጣቱ ሥር የሚታሰረው ላስቲክ ሥራው እንዳለቀ መፈታቱ በቃል ተጠርቶ ይረጋገጣል፤ በፋሻ ውስጥ የተረሳ ላስቲክ ጣቱን ይገድለዋል።

ዋናው መሣሪያ ልሙጥ የብረት ሽቦ ነው። ጀርመናዊው ቀዶ ሐኪም ማርቲን ኪርሽነር እ.ኤ.አ. በ1909 ያስተዋወቀው ሲሆን በስሙ ይጠራል፤ ሐኪሞች በአጭሩ ኬ-ዋየር ይሉታል። ለልጅ ጣት የሚመረጠው ከ0.7 እስከ 1.2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ነው። አጥንቱ ከውጭ ተቃንቶ በራጅ ከተረጋገጠ በኋላ ሽቦው ቆዳውን ወግቶ ይገባል። ጥርስ የሌለው ልሙጥ መሆን አለበት፤ ልሙጥ ሽቦ ልምአጥንቱን ቢያልፍም ጉዳቱ ትንሽ ነው፤ ጥርስ ያለው ብሎን ግን ዕድገቱን ይዘጋል። መሰርሰሪያው ቀስ ብሎ ይዞራል፤ ፈጥኖ ሲዞር ይግላል፤ ሙቀቱም ሕዋሳቱን ያቃጥላል። ሽቦው በአንድ ሙከራ በመካከል ማለፍ አለበት፤ ተመላልሶ የተወጋ ልምአጥንት ሊዘጋ ይችላል።

ከውጭ አልቃና ካለ ጣቱ ይከፈታል። ቁርጡ አብዛኛውን ጊዜ በጀርባ ወይም በጎን በኩል ነው። በጉብታ ስብራት ላይ ስባሪውን ከጅማቱ ነጥሎ ማውጣት ትልቅ ስሕተት ነው፤ ደሙ የሚመጣው በዚያው በኩል ስለሆነ የተነጠለ ስባሪ ይሞታል። የሽቦው ጫፍ ከቆዳ ውጭ ይታጠፋል፤ በላዩ ጥጥና ጄሶ ይደረጋል። ሳህንና ትናንሽ ብሎን ለልጅ ጣት እምብዛም አያስፈልጉም።

ከጥፍር በታች ያለው ሥጋ ሲሰፋ የተነሣውን ጥፍር መልሶ ማስቀመጥ ለረጅም ጊዜ የተለመደ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመው፣ በብሪታንያ 451 ልጆች የተሳተፉበት ጥናት ግን ጥፍሩን መመለስ የቁስል መመረዝን እንደማይቀንስ፣ የጥፍሩንም መልክ እንደማያሳምር አሳይቷል።

በየደረጃው ያለው እገዛ

በኢትዮጵያ የጤና ሥርዓት የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ከ60,000 እስከ 100,000፣ አጠቃላይ ሆስፒታል ከ1 እስከ 1.5 ሚሊዮን፣ ልዩ ሆስፒታል ከ3.5 እስከ 5 ሚሊዮን ሕዝብ እንዲያገለግሉ ታስበው የተዋቀሩ ናቸው። በወረዳ ሆስፒታሎች የቀዶ ባለሙያ እጦትን ለማቃለል እ.ኤ.አ. በ2009 የተቀናጀ የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ባለሙያዎች የማስተርስ ሥልጠና ተጀምሯል፤ ጤና ሚኒስቴርም እ.ኤ.አ. በ2016 ደኅንነቱ የተጠበቀ ቀዶ ሕክምናን ለማስፋፋት አገር አቀፍ ንቅናቄ ጀምሯል።

ብቸና የመጀመሪያ ደረጃ፣ ሞጣም የራሷ ሆስፒታል አላቸው። ለጣት ስብራት በዚህ ደረጃ ሊሠራ የሚገባው ብዙ ነው። ቁስልን ማጠብ፣ አንቲባዮቲክና የመንጋጋ ቆልፍ መከላከያ መስጠት፣ ራጅ ማንሣት፣ ወደ ውጭ የተጣመመችን ትንሽ ጣት ማቃናትና የጥፍር ሥር ጉዳትን መጠገን ልዩ ሆስፒታል አይጠይቅም። የጉብታና የአንገት ስብራት፣ የተቆረጠ ነርቭና ጅማት፣ ቆዳ የተገፈፈበት ጣት ግን ወደ አጥንት ስፔሻሊስት ይላካል፤ ከብቸና ወደ ደብረ ማርቆስ፣ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ከምትርቀው ከሞጣ ደግሞ ወደ ባሕር ዳር፣ ወደ ፈለገ ሕይወት ወይም ወደ ጥበበ ግዮን ሆስፒታል። ከዚያ በላይ ለሆነ ጉዳይ አዲስ አበባ ያለው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል አለ። ልጁ ሪፈር ሲጻፍለት ቁስሉ ታጥቦ፣ የመጀመሪያው አንቲባዮቲክ ተሰጥቶት፣ ጣቱ ተደግፎ መሄድ አለበት፤ መንገዱ ላይ የሚያልፈው ቀን አጥንቱ ሳይያያዝ በቀላሉ ከሚቃናበት የመጀመሪያ ሳምንት የሚቀነስ ነውና።

ከቀዶ በኋላ

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት እጁ በአንገት ልብስ ተንጠልጥሎ ከፍ ብሎ ይቆያል። ጄሶው ውኃ አይነካውም፤ በክረምት ዝናብ ትምህርት ቤት የሚመላለስ ልጅ በፌስታል ይሸፍነዋል። ትኩሳት፣ መጥፎ ሽታ፣ በሽቦው ዙሪያ የሚወጣ መግል ወይም እያደር የሚጨምር ሕመም ቀጠሮ ሳይጠበቅ ያስመልሳል። ሽቦው ከ3 እስከ 4 ሳምንት ቆይቶ በተመላላሽ ክፍል ይወጣል፤ ብዙ ጊዜ ማደንዘዣ አያስፈልገውም። ሕመሙ ጠፋ ብሎ ቤት ውስጥ መንቀል ወይም ቀጠሮውን ለበዓልና ለአጨዳ ብሎ ወራት ማሳለፍ ሁለቱም ይጎዳሉ፤ አንደኛው ስብራቱን ያፈርሰዋል፣ ሁለተኛው ቁስሉን ወደ አጥንት ያስገባዋል።

ሽቦው ከወጣ በኋላ ማሸት አያስፈልግም። ልጁ እንዲጨብጥ፣ እርሳስ እንዲይዝ፣ ሊጥ እንዲያቦካና ገበጣ እንዲጫወት መተው ይሻላል፤ ልጆች በጨዋታ የጣታቸውን መታጠፍ ቶሎ ይመልሳሉ። ኳስና ዱላ ግን ሌላ ወር ገደማ ይቆያሉ። በልምአጥንቱ ላይ የተሰበረ ጣት ቢድንም በ6 ወርና በዓመቱ መታየት አለበት፤ ልምአጥንቱ በአንድ በኩል ከተዘጋ ጣቱ እያደር ይጠማል ወይም ከሌላኛው እጅ አቻው አጥሮ ይቀራል፤ ይህም የሚታየው ከወራት በኋላ ነው። የተወገደ ጥፍር ሙሉ በሙሉ ለማደግ ከ4 እስከ 6 ወር ይፈጅበታል።

በመጨረሻው ቀጠሮ ሐኪሙ የሚጠይቀው ነገር ትንሽ ነው። ልጁ ሁለቱን እጆቹን ጎን ለጎን ዘርግቶ ያሳያል፤ ርዝመታቸው ይነጻጸራል። ከዚያ ይጨብጣል። አራቱ ጣቶች ሳይደራረቡ ወደ አውራ ጣት ሥር ካመለከቱ፣ ጥፍሮቹም መዳፉን ከነኩ ሕክምናው አብቅቷል።